የበኵሩ ልጅ ታናሽ ሲሆን

በ1936 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደምቈጥር አንባቢ ይወቅልኝ) በእንግሊዝ አገር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ፣ አባቱ መጻሕፍት አሳታሚ ነበረና፣ ገና ወደ ማተሚያ ቤት ያልገባ አንድ የተረት ድርሰት ከአባቱ እጅ ተቀብሎ አነበበ፤ አንብቦም ሲጨርስ አሳቡን በአንዲት ወረቀት ላይ አስፍሮ መለሰ፤ ለድካሙም አንድ ሽልንግ ተከፈለው። የልጁ ስም ሬይነር አንዊን፣ የአባቱ ስም ስታንሊ አንዊን፣ የድርሰቱ ስም «ሆቢት»፣ የደራሲውም ስም ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነበር። ልጁ በዚያች ወረቀት ላይ መጽሐፉ ካርታ ስላለው ሌላ ሥዕል እንደማያሻው፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉትን ሕፃናት ሁሉ ደስ እንደሚያሰኝ መሰከረ፤ እርሱ ራሱ አሥር ዓመት ሞልቶት ነበርና ከዚያ ዕድሜ እንዳለፈ ሽማግሌ ሆኖ መፍረዱ ነው።

ከዚያች ወረቀት ወዲህ ስለዚህ መጽሐፍ የተጻፈውን አስተያየት ቈጥሮ የሚዘልቅ የለም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የኒውዚላንዱ የፊልም አዘጋጅ ፒተር ጃክሰን ያንኑ መጽሐፍ በሦስት ክፍል ከፍሎ በሲኒማ ማሳየት በጀመረ ጊዜ፣ ከመጽሐፉ ወዳጆች ዘንድ የተነሣው ሙግት ከቀድሞው አስተያየት ሁሉ በድምፅም በምሬትም የበለጠ ሆነ፤ እነሆ ሦስተኛው ክፍል ከታየ ዓመታት አልፈውም ገና አልበረደም። እኔም ሙግቱን ከዳር ሆኜ ስከታተል ከቈየሁ በኋላ፣ የተቈጡት ሰዎች በቍጣቸው እውነት እንዳላቸው፣ የቍጣቸውን ምክንያት ሲያስረዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዒላማውን እንደሚስቱ ስለ ተረዳሁ፣ ይህን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ተነሣሁ።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ነገሩን በአጭሩ ልንገረው። ቢልቦ ባጊንስ የሚባል፣ ቁመቱ የሰው እኩሌታ የሚሆን፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ እግሩም ጠጕራም የሆነ፣ ቍርሱን በጊዜው በልቶ በደጁ ተቀምጦ ፒፓውን ማጤስን ከሁሉ አብልጦ የሚወድ አንድ ሆቢት ነበር፤ አንድ ቀን ጋንዳልፍ የሚባል ጠቢብ ሽማግሌ አሥራ ሦስት ድንኮችን ሰብስቦ ሳይጠሩ እንደ መጡ እንግዶች ከቤቱ አስገባበት፤ እነርሱም ጓዳውን ካራቈቱ በኋላ፣ ስማውግ የሚባል ዘንዶ የነጠቃቸውን ተራራና ወርቅ ለማስመለስ ይህንኑ የቤት ሰው ሌባ አድርገው ይዘውት ሄዱ። ታሪኩ ይህ ነው። የሚተርከውም ድምፅ ማታ ማታ በእሳት ዳር ለልጆቹ የሚያወጋ አባት ድምፅ ነው፤ አልፎ አልፎ ወሬውን አቋርጦ ከአድማጩ ጋር ይቀልዳል፤ ፍርሃቱ ሲበዛ ያቀለዋል፣ ሣቁ ሲበዛ ያከብደዋል። መስከረም 21 ቀን 1937 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ መጀመሪያ የታተመው 1,500 ቅጅም ዓመቱ ሳያልቅ ተሽጦ አለቀ።

እንግዲህ የሙግቱ ሥር ከዚህ ይጀምራል። ይህ መጽሐፍ በኵር ነው። አሳታሚው ሽያጩን አይቶ የሆቢቶችን ነገር ጨምርልን ብሎ ደራሲውን በጠየቀው ጊዜ፣ ደራሲው ሊጨምር ተቀመጠ፤ የጨመረው ግን ከእጁ አምልጦ እየሰፋ፣ እየጠቈረ፣ እየከበደ ሄዶ፣ የጎንዶር መንግሥት ከጨለማው ጌታ ጋር ስለሚያደርገው ጦርነት፣ ስለ ነገሥታት መመለስና ስለ አንድ ዘመን ፍጻሜ የሚናገር ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ ድርሰት ወጣው፤ እርሱም በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. በሦስት ጥራዝ የታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ነው። በሲኒማ ዓለም ግን ልደቱ ተገለበጠ። ጃክሰን አስቀድሞ በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. ያሳየው ታናሹን ወንድም ነበር፤ የዚያም ሦስተኛው ክፍል በ2004 ዓ.ም. ለ11 የኦስካር ሽልማት ታጭቶ 11ዱንም ወሰደ። በዚህ ምክንያት ተራው ለበኵሩ በደረሰ ጊዜ፣ በኵሩ እንደ ታላቅ ሳይሆን የታናሹ መቅድም ሆኖ፣ ለእርሱ ልክ ያልተሰፋውን የታናሹን ካባ ደርቦ እንዲወጣ ተገደደ። ዔሳው ብኵርናውን የሸጠ ርቦት ነው፤ ዋጋውም ቢያንስ ምስር ወጥ ነበር። ይህ ድኻ መጽሐፍ ግን ሳይርበውና ሳይሸጥ ተነጠቀ።

ስለ ደራሲው ጥቂት ካልተናገርሁ ነገሬ ሙሉ አይሆንም። ቶልኪን በ1892 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በብሉምፎንቴን ከተማ የተወለደ፣ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንቱን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ያስተማረ የቃላት መርማሪ ነው። «ሆቢት»ን በሚያሰናዳበት በዚያው ዘመን ላይ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትዝታ የሚሆን አንድ ሥራም ሠርቷል፤ በ1932 እና በ1934 ዓ.ም. «የሲጌልዋራ ምድር» በሚል ርእስ በሁለት ክፍል ባሳተመው ሐተታ፣ የጥንት እንግሊዛውያን ጸሐፍት ኢትዮጵያውያንን ይጠሩበት የነበረውን አንድ ቃል ሥርወ ነገር መርምሮ፣ የቃሉን ፊተኛ ክፍል ከፀሐይ፣ ኋለኛውን ደግሞ ከፍምና ከጥላሸት ጋር ሳያዛምድ አልቀረም። ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን የቋንቋ ሊቃውንት ይፍረዱት። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰውዬው ለአንድ የጠፋ ቃል ሁለት ክፍል ሐተታ እስኪጽፍ ድረስ መድከሙ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የተረት መጽሐፍ ቢጽፍ የድምፁን ልክ ሳይመዝን ይጽፋል ብሎ የሚያምን ካለ፣ እርሱ ቶልኪንን አላወቀውም።

አሁን ተቈጪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚረሱትን ነገር ልናገር። እነርሱ ቍጣቸውን ሲገልጹ «መጽሐፉ ተነካ፣ ተለወጠ፣ ተጨመረበት» ይላሉ። ነገር ግን መጽሐፉን አስቀድሞ የነካው ደራሲው ራሱ ነበር። በ1937ቱ እትም ላይ ጎለም የሚባለው የዋሻ ፍጡር ከቢልቦ ጋር በእንቆቅልሽ ተወዳድሮ በተሸነፈ ጊዜ ቃሉን የሚያከብር፣ አንድ ቀለበትም ሊሸልም የፈለገ፣ አጥቶትም ይቅርታ የሚለምን፣ በመጨረሻም የመውጫውን መንገድ የሚያሳይ ጨዋ ነገር ነበር። በኋላ ቀለበቱ የዓለም ጥፋት ምክንያት ሆኖ በሚታይበት በሁለተኛው ድርሰት ይህ ጨዋነት አልገጥም ስላለ፣ ቶልኪን ምዕራፉን እንደ ገና ጻፈው፤ አዲሱም ንባብ በ1951 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ ወዲያ ያሳየው ብልሃት ግን እስከ ዛሬ ያስቀናኛል፤ የፊተኛውን ንባብ «ስሕተት ነበር» ብሎ አልሰረዘውም፤ ይልቁንም ያ የፊተኛው ወሬ ቢልቦ ቀለበቱን በመብት እንዳገኘው ለማስመሰል ለጓደኞቹ የተናገረው ውሸት ነው ብሎ፣ የራሱን ለውጥ የታሪኩ ምሥጢር አደረገው። ጨመረም፣ ለወጠም፤ ድምፁ ግን ያው ያባት ድምፅ ሆኖ ቀረ።

ከዚህም የበለጠ አለ። በ1960 ዓ.ም. ቶልኪን ጃክሰን ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ የሠራውን ሥራ ራሱ ሊሠራው ተነሥቶ ነበር፤ ማለት «ሆቢት»ን በ«የቀለበቶቹ ጌታ» የአነጋገር ክብደት፣ ቀልዱን ቀንሶ፣ ርቀቱንና ቀኑን አስተካክሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጽፈው ጀመር። ጥቂት ምዕራፎች ከሄደ በኋላ የጻፈውን ለአንድ ወዳጁ አሳየ። ወዳጁም አንብቦ፣ ነገሩ ግሩም እንደ ሆነ፣ ነገር ግን «ሆቢት» እንዳልሆነ ነገረው። ደራሲውም ብዕሩን አስቀመጠ። የአንድ ድርሰት ወዳጅ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው፣ ደራሲም የወዳጁን ቃል እንዴት ሊሰማ እንደሚገባው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም፤ የሲኒማውን ነገር በምመዝንበት ጊዜም ሁሉ ሚዛኔ ይኸው የ1960 ቃል ነው።

ታዲያ በጃክሰን ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል የሚናገር ወዳጅ ስለ ምን አልተገኘም? ምናልባት የመናገሪያው ጊዜ ስላልነበረ ይሆናል። መጀመሪያ ፊልሙን ሊመራ የተሾመው የሜክሲኮው ጊዬርሞ ዴል ቶሮ ነበር፤ እርሱ ብዙ ወራት ከተሰናዳ በኋላ፣ የገንዘቡ ነገር እየተጓተተ ሥራው ስላልጀመረለት በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. ትቶ ሄደ። ጃክሰን በእርሱ ቦታ ገባ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ታሞ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በመጋቢትም ቀረጻው ተጀመረ። የሥዕል፣ የልብስና የአቀማመጥ ንድፍ ገና ሳይበስል ቀረጻው እየቀደመው እንደ ሄደ፣ በአንዳንድ ቀን ምን እንደሚቀርጽ በውል ሳያውቅ ወደ ሥራው ይገባ እንደ ነበር ጃክሰን ራሱ በሦስተኛው ፊልም ዲስክ ላይ በተጨመረው የአሠራር ዜና ውስጥ ሳይደብቅ ተናግሯል። ለዚህ ቅንነቱ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ሊሆን የታሰበው ፊልም ሦስት እንደሚሆን የተነገረው በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. ነው፤ ማለት የመጀመሪያው ክፍል ሊታይ አምስት ወር እንኳ ሳይቀረው። ጊዜ ያጠረው ሰው ሥራውን ያሳጥራል እንጂ አያስረዝምም ብዬ አስብ ነበር።

የሆነው ግን ይህ ነው። ሦስት መቶ ገጽ ያህል ለሚሆን የልጆች መጽሐፍ 169፣ 161 እና 144 ደቂቃ፣ በድምሩ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ የቀረው ፊልም ተሠራ። ይህን ለመሙላት በመጽሐፉ በጥቂት ቃል የተነገረው ሁሉ ተመዘዘ። ጋንዳልፍ ከጓደኞቹ ተለይቶ የት እንደ ሄደ መጽሐፉ በመጨረሻ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይነግረናል፤ ፊልሙ ከ«የቀለበቶቹ ጌታ» ተጨማሪ ምዕራፎች ነገር እየሰበሰበ ይህን ታላቅ ጦርነት አደረገው። በመጽሐፉ ውስጥ ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ ሆኖ በጥቂቱ ብቻ የሚወሳው አዞግ የሚባል ፍጡር ከመቃብሩ ተነሥቶ አሳዳጅ ጠላት ሆነ። በመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ የአምስቱ ጭፍሮች ውጊያ የሚባለው ጦርነት በተደረገ ጊዜ ቢልቦ በድንጋይ ተመትቶ ራሱን ስቶ ስለሚወድቅ፣ አንባቢው የውጊያውን ፍጻሜ የሚሰማው ከእርሱ ጋር ከነቃ በኋላ ነው፤ ይህም የደራሲው ስንፍና አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሶም ግንባር የተዋጋ መኰንን፣ ትንሽ ሰው ከትልቅ ጦርነት ውስጥ ምን ያህሉን ሊያይ እንደሚችል ስለሚያውቅ እንዲህ ጻፈ ብዬ አምናለሁ። ፊልሙ ግን ያን ውጊያ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ያሳየናል፤ ቢልቦም በራሱ ታሪክ ውስጥ ከዳር የቆመ ተመልካች ይሆናል።

ከወዳጆቹ የተሰማው ክስ እዚህ ላይ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ ሁለቱም ወገኖች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ መሆናቸውን ልብ ያለ ሰው ጥቂት ነው። መጽሐፉን በልጅነታቸው ያነበቡት «ተረታችንን በደምና በጦር አጨለሙብን» ብለው አዘኑ። በ2001 ዓ.ም. በጀመረው ሲኒማ በኩል የመጡት ደግሞ፣ ድንኮቹ ሳሕን እየወረወሩ ሲዘፍኑ፣ አንዱ ጠቢብ በጥንቸሎች በሚጎተት ሠረገላ ሲጋልብ አይተው «ይህ ምን ዓይነት የሕፃናት ጨዋታ ነው?» ብለው ተቈጡ። እንግዲህ ያው አንድ ፊልም ሕፃን ነህ ተብሎም ተሰደበ፣ ሕፃን አይደለህም ተብሎም ተሰደበ። ለእኔ ግን ሁለቱ ክሶች አንድ ክስ ናቸው። ፊልሙ ሁለቱን ወንድማማች በአንድ ጊዜ ለመሆን ስለ ሞከረ፣ የበኵሩ ወዳጅም የታናሹ ወዳጅም የየራሱን ልጅ ፊት ፈልጎ አጣበት።

ከተጨመሩት ሁሉ ይልቅ ብዙ ቍጣ የደረሰባት በመጽሐፉ ውስጥ የሌለችው የኤልፎች ወገን ተዋጊ ታውሪኤል ናት። እዚህ ላይ ከብዙዎቹ ተቈጪዎች ጋር አልስማማም። መጽሐፉ በእርግጥ የሴት ድምፅ የሌለበት መጽሐፍ ነው፤ በስምንት ሰዓት ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት መጨመር ከለበሰው ሁሉ ካባ ይልቅ የቀለለ ኃጢአት ነው። ስሕተቱ የእርሷ መኖር ሳይሆን፣ ከኖረች በኋላ የራሷ ነገር ሳይኖራት በአንድ ድንክና በአንድ የኤልፍ ልዑል መካከል የፍቅር ገመድ ሆና መጐተቷ ነው። ተዋናይቱ ኢቫንጀሊን ሊሊ ሥራውን ስትቀበል እንዲህ ያለ የሦስትዮሽ ፍቅር እንዳይኖር አስቀድማ ጠይቃ እንደ ነበር፣ በኋላ በተጨመረው ቀረጻ ግን ያው ነገር እንደ መጣባት ራሷ በግልጥ ተናግራለች። ይህን እያወቁ ቍጣቸውን ሁሉ በእርሷ ላይ ያፈሰሱ ሰዎች፣ የቤቱን ስንጥቅ ትተው በሩን የሚመቱ ናቸው።

የቴክኒኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ፊልም ድምፅ ካገኘ ወዲህ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ሲታይ ኖሮ፣ ጃክሰን በዚህ ሥራ 48 አደረገው፤ ዐይን ጥራቱን ይወደዋል ብሎ ነበር፤ ብዙ ተመልካች ግን ጥራቱ በዝቶ የተዋናዩን ቀለምና የተለጠፈውን አፍንጫ፣ የግድግዳውንም እንጨትነት አጋለጠብን ብሎ አማረረ። ምትሐት ጥቂት ጭጋግ ይሻል።

ይህ ጭጋግ የሚለው ነገር ወደ ደራሲው ይመልሰኛል። ቶልኪን በ1939 ዓ.ም. በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት በሰጠው ትምህርት፣ ቃል እና የሚታይ ትርኢት የሚለያዩበትን ነገር አስረድቶ ነበር፤ የአሳቡም ፍሬ፣ ጽሑፍ እንጀራ ወይም ዛፍ ወይም ኮረብታ ባለ ጊዜ እያንዳንዱ ሰሚ ከገዛ ልቡናው መዝገብ የራሱን ዛፍና የራሱን ኮረብታ ያወጣል፤ ትርኢት ግን አንዱን ዛፍ አቁሞ «ዛፉ ይህ ነው» ይላል የሚል ነው። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በመጻሕፍት ጉባኤ ቤት መምህሩ ንባቡን ካነበበ በኋላ አንዱን ትርጓሜ ተናግሮ «አንድም» ይላል፤ ሌላውን ተናግሮ ደግሞ «አንድም» ይላል፤ ዘሩ በመካከል ሳይነካ ይቈያል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ያዳመጠ ትውልድም ያውቀዋል፤ ድምፁ ለሁላችን አንድ ነበር፤ የሰብለ ወንጌል መልክ ግን በየቤቱ ልዩ ልዩ ነበር። ፊልም «አንድም» ማለትን አያውቅም። ስለዚህ አንባቢ በሲኒማ ቤት ተቀምጦ የሚያሰማው ቅሬታ፣ ስለ ፊልሙ ብቻ የሚሰማ ቅሬታ አይደለም፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት በልቡ ያኖረውን ቢልቦ በአንድ ምሽት ለማርቲን ፍሪማን መልክ ማስረከቡን የሚያለቅስ ልቅሶ ነው። (የፍሪማን ቢልቦ ግን ግሩም ነው። ይህን ያህል ነቅፌ ይህን ሳልናገር ባልፍ በደለኛ በሆንሁ።)

እውነቱን ለመናገር፣ ፊልሙ ለመጽሐፉ ጆሮውን የሰጠበት ጊዜም አለ። ቢልቦና ጎለም በጨለማ ዋሻ ውስጥ በእንቆቅልሽ የሚወዳደሩበትን ክፍል፣ ብዙዎቹ ነቃፊዎች እንኳ ሳይወዱ በግድ ያመሰግኑታል። ሁለት ፍጡራን፣ አንድ ዋሻ፣ ጥቂት ቃላት፤ ጦር የለ፣ ፈረስ የለ። አንዲ ሰርኪስ በፊቱ ጅማትና በድምፁ ብቻ ርኅራኄና ፍርሃትን አንድ ላይ ይሰጠናል። እኛ አገር ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ «እንቆቅልህ» ይላል አንዱ፤ «ምናውቅልህ» ይላል ሌላው፤ መልሱን ያጣው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አንድ አገር ከሰጠ በኋላ መልሱ ይነገረዋል። ቢልቦ ቢሸነፍ ግን የሚሰጠው አገር ሳይሆን ሥጋው ነበር፤ ጎለም ሊበላው ነውና። በዚያ ክፍል ውስጥ የልጅ ጨዋታና ሞት በአንድ ገበታ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀሪው ሰባት ሰዓት ያጣው ይህን ልክ ነው። ከካሜራው ኋላ የነበሩት ሰዎች ይህን ማድረግ የሚችሉ መሆናቸው ነው እኔን ይበልጥ የሚያስቈጨኝ።

በተቃራኒው፣ ጋንዳልፍን ሆኖ የሠራው ሽማግሌው ተዋናይ ኢያን ማኬለን፣ ቁመቱ ከድንኮቹ በልጦ እንዲታይ ሲባል ከጓደኞቹ ተለይቶ በአረንጓዴ መጋረጃ መካከል ብቻውን እንዲናገር በተደረገ ጊዜ፣ ተዋናይ የሆንሁት ለዚህ አልነበረም በሚል ስሜት እንዳለቀሰ ራሱ ተናግሯል። እኔ የወዳጆቹን ቅሬታ ሁሉ ባጠራቅመው የዚህን ሽማግሌ ዕንባ ያህል አይመዝንልኝም። በቢልቦ ቤት የተሰበሰበው ማኅበር በመጽሐፉ ውስጥ የሚያስደስተን በአንድ ገበታ ስለ ተቀመጠ ነውና።

የወዳጆቹ ቅሬታ ግን በቃል ብቻ አልቀረም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝም ይህ ነው። ሦስተኛው ፊልም በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ከታየ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ስሙን ያልገለጠ ወዳጅ ሦስቱን ፊልሞች ወስዶ፣ የአዞግን ማሳደድ፣ የታውሪኤልን ፍቅር፣ የጋንዳልፍን የጎን ጦርነት እየቈረጠ፣ አራት ሰዓት ያህል የሚሆን አንድ ፊልም አድርጎ አወጣው፤ ከእርሱም በፊት ከእርሱም በኋላ ሌሎች እንዲሁ አደረጉ። ሕጉን የሚያውቁ ሰዎች የባለመብቱን ነገር ያንሡ፤ እኔ የማየው ግን ብራና ፍቆ ሌላ ጸሐፊ የጨመረውን ሐረግ የሚያወጣ፣ ከጥንቱ ቅጅ ጋር የሚያስተያይ፣ ማንም ሳይከፍለው ሌሊቱን የሚያነጋ ደብተራን ነው። ሦስቱ ፊልሞች 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብተዋል፤ ለሬይነር አንዊን የተከፈለው አንድ ሽልንግ ነበር፤ ለዚህ ደብተራ የተከፈለው ምንም የለም። ከሦስቱ ሥራዎች ለመጽሐፉ ይበልጥ የጠቀመው የትኛው እንደ ሆነ ለመፍረድ የገንዘቡ መጠን ብዙም አይረዳኝም።

ይህን ስል ወዳጆቹን ሁሉ ማጽደቄ አይደለም። ፊልሙ ሳይታይ በፊት የፈረዱ ነበሩ፤ አንዲት ቃል ካልተነገረች መጽሐፉ የረከሰ የሚመስላቸው ነበሩ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ያችን ቃል ቶልኪን ራሱ በየእትሙ ሲለዋውጣት እንደ ኖረ አያውቁም። መጽሐፍን መውደድ ንባቡን ማምለክ የሆነባቸው እነዚህ ሰዎች፣ ለመጽሐፉ ከሻጮቹ ይልቅ የሚያሰጉ ይመስሉኛል። የ1960ው ወዳጅ «ይህ ቃል ጐደለ» አላለም፤ «ሆቢት አይደለም» ነው ያለው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእኅቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሦስቱንም ፊልሞች፣ የ«የቀለበቶቹ ጌታ»ንም ሦስት ፊልሞች በቤት ውስጥ በተከታታይ አይቶ፣ ድንኮቹ በበርሜል ውስጥ ሆነው በወንዙ የሚወርዱበትን ክፍል አምስት ጊዜ እየመለሰ ሲያሳየኝ ከረመ፤ እኔም ከላይ የጻፍሁትን ነቀፋ ሁሉ ዋጥ አድርጌ ከእርሱ ጋር ሣቅሁ፤ ሣቄም የውሸት አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አግኝቼ ሰጠሁት። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገጹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያገላበጠ «ጋሼ፣ ሴትዮዋ የታለች?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እንደሌለች ስነግረው ጥቂት ቅር አለው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ስለ እርሷ መጠየቁን ትቶ ስለ ቢልቦ ቍርስ ያወራ ጀመር።

ትናንት ማታ ከዋሻው ምዕራፍ ደረሰ። መልሱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ጎለም የጠየቀውን አንዱን እንቆቅልሽ ወደ አማርኛ እያዞረ ነገረኝ፤ መልሱን በፊት አንብቤው ነበር፤ ነገር ግን ማወቄን ደበቅሁና «አላውቅም» አልሁት። «እንግዲያስ አገር ስጠኝ» አለኝ።

«ጎንደርን ሰጠሁህ» አልሁት።

እጁን ከገጹ ላይ ሳያነሣ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጎንደርን ነው ጎንዶርን?» አለኝ።